ውሃውን የጣለ

ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣
ምድር ቤት ነው የምሠራው፤ ፀሐይ እንኳ ፈራ ተባ
እያለች ነው የምትገባ።
ትርሲት እባላለሁ። ጋዋኔ ነጭ ነበረ፣
ኪሱ በአዮዲን ወይቦ የቀረ።
ቅባት እቀምማለሁ፤ ሳሙና ለበላው እጅ፣
ለተሰነጠቀ ተረከዝ፣ ብርድ ለላሰው የሰው ልጅ።

መደርደሪያዬ ላይ አንድ ጣሳ አለ፣
ሰም የመሰለ ፍርፋሪ የሞላበት።
ስሙ ረጅም ነው፤ እኔ ሶርቢታን እለዋለሁ፣
እንደ ሠፈር ልጅ አሳጥሬ።

ዘሩ ከስኳር ነው። በፊት ሶርቢቶል ሳለ፣
ስድስት እጁን ለውሃ ዘርግቶ፣ ከውሃ ጋር ዋለ።
ኋላ እሳትና አሲድ ይዘው መረመሩት፤
አንዲት ጠብታ ውሃ፣ የገዛ ውሃውን፣ አስተፉት።
ቀጥ ብሎ የቆመው ጎበጠ፣ ተጠመዘዘ፣
በገዛ እጁ የገዛ ጀርባውን ያዘ፣
ቀለበት ሆነ።
ከዚያ የሞራ ጭራ ቀጠሉለት።
ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ፣ ዘይት ቤት ገብቶ ውሃን "ና" የሚል፣
ውሃ ቤት ወጥቶ ዘይትን "አይዞህ" የሚል።
ስትጎብጥ አመመህ ወይ? ብሎ ማንም አልጠየቀው።

የቤቱ ጌታ ጋሽ ዮሴፍ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣
ልጆቻቸውን ምናሴና ኤፍሬም አሉ፣ ኦሪት ይወዱ ነበርና፤
ሲሞቱ ግን እንደ ያዕቆብ እጃቸውን አመሳቀሉ፤
ላይኛው ሱቅ ለታናሹ፣ ለበኩሩ ምድር ቤት፣ አሉ።
አሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው ሳይነጋገሩ።
አሥራ አራት ደረጃ ብቻ ነው መሃሉ፤
ቃል የማመላልሰው እኔ ነኝ።

ምናሴ ከታች፦ "ያን ሌባ በይው፣ ብልቃጤን ይመልስ!"
እኔ ደግሞ ቀስ እያልኩ፣ ላይ እስክደርስ ድረስ፣
አራተኛው ደረጃ ላይ "ሌባ"ን አራግፋታለሁ፤
"ወንድምህ ብልቃጥ ቸግሮታል" እላለሁ።
ኤፍሬም ከላይ፦ "ሰማይ ይደፋበት በይው!"
ወርጄ፦ "ዝናብ ይመስላል፣ የውጪውን ዕቃ አስገባው
ይልሃል" እላለሁ።

ዘንድሮ ጣሳው ተሟጠጠ።
የውጭ ምንዛሬ ወረፋ፣ ከወረፋው ጀርባ ሌላ ወረፋ።
ምናሴ "በእንቁላል አስኳል ሞክሪው" አለኝ፤
ሞከርኩ፤ በአራተኛው ቀን ሽታው ድመት ሰብስቦ ደንበኛ አጠፋ።
ከዚያ ያለ ምንም ቀመምኩ።
ማታ ነጭ ነበር፤ ሲነጋ
ውሃው ከታች ተኝቷል፣ ዘይቱ ከላይ ተዘርግቷል፣
ልክ እንደ ሰዎቼ።

አንጥረኛው ሰብስቤ፣ ጣቱን አሲድ የበላው፣
ብልቃጡን ኤፍሬም ፊት አስቀምጦ "ይኼ ምኑ ነው?" አለው።
"ትርሲት!" ከላይ። "ትርሲት!" ከታች።
ሰባተኛው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ።
ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል። ጫማዬን አወለቅሁ፤ ምንም አላልኩ።
ስድቡ በራሴ ላይ አለፈ፤
ሌባው ሌባ እንደሆነ ደረሰ፣
ሰማዩም ሰማይ እንደሆነ ወረደ።
ከዚያ ዝም።
ከመንገድ የታክሲ ረዳት "ለገሃር! ለገሃር!" ይላል።

ምናሴ በጎኔ ወጣ። ቀሚሴን አልረገጠም።
ብልቃጡን አንሥቶ ናጠው፤
እርጎ እንደሚንጥ ሰው ሳይሆን፣ እንደ ባለ ቂም።
ናጠው፣ ናጠው፤ ነጣ።
"ስትንጠውማ ይገናኛል" አለ ኤፍሬም፤
ለእኔ ይሁን ለእሱ አልታወቀም።
ክንዱ ሲዝል ምናሴ ብልቃጡን ወደ ጎን አቀበለ፤
ኤፍሬም ያዘ፣ ናጠ፤
አንጥረኛው በመሃል መዳፉን ዘርግቶ
"ቶሎ፣ ሳይለይ!" አለ።

ጣሳው ከስድስት ሳምንት በኋላ መጣ።
ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት፤ ምንም አይሸትም፤
ስኳርነቱን ረስቷል።
ከእኔ የወጣችው ውሃ የት እንደፈሰሰች
አንዳንዴ እጠይቃለሁ።
አሁንም ደረጃውን እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፤
"ሌባ"ን ግን አንዳንድ ቀን
እንዳለች አደርሳታለሁ።